የተቀቀለ አፈር

ጥር 13

ዝናብ ከጣለ አርባ ሰባት ቀን።

ጅማ ላይ ጥርም ቢሆን አልፎ አልፎ ጠብ ይል ነበር። ዘንድሮ የለም። ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ሆኖ ግን አይታወቅም። ጠዋትና ማታ በጎማ እናጠጣለን፤ ሁሉም ለምለም ነው።

ፍስሐ ቢሮው አስጠራኝ። አለቃ ከሆነ ወዲህ ቁጭ በይ ሳይል ወሬ አይጀምርም። የአሰንዳቦ ግብርና ቢሮ አሥራ ሁለት በርሜል ጠይቋል አለኝ። «የተስፋነሽ በርሜል» ብለው ነው የጻፉት... በደብዳቤ፣ ከነማኅተሙ። ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ደስ ብሎኛል። ከማን እደብቃለሁ?

አጠቃቀሙን በአንድ ገጽ ጻፊላቸው ተባልኩ። ምን ይጻፋል? ከታች ውሃ። በላዩ ወንፊት። በወንፊቱ ላይ አፈር። ክዳን። ከሥር እሳት። አፈሩ ላይ አንድ ድንች ይቀመጥ፤ ድንቹ ሲበስል አፈሩ ውስጥ ያለው በሽታ ሁሉ ሞቷል። ከዚያ የቡናውን ዘር ዝሩ። ድንቹን ብሉ።

ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ቤት ሠራሁ። ሌላ ስሜ የተጻፈበት ነገር የለም።

ጥር 15

ከሸቤ አዴ ናኢማ ደወሉ። ሰላምታቸው ረጅም ነው፤ ዛሬ አጠረ።

«ችግኙ ጎጌራ፣ ተስፋነሽ። ደረቀ።»

ስንቱ ብላቸው፣ ያልደረቀውን ብቆጥርልሽ ይቀላል አሉ። እሳቸው ያፈሉት፣ ሐምሌ ላይ ለአሥራ አንድ ቤት ያከፋፈሉት፣ የራሳቸውም። አፈሩ በኔ በርሜል የተቀቀለው። ሰዉ ደጃቸው ድረስ እየመጣ ይጠይቃቸዋል።

ውሃ ይጠጣ ነበር ወይ አልኳቸው።

አሥራ ስድስት ዓመት ችግኝ ያፈሉ ሴት ይህን ይጠየቃሉ? ማክሰኞ እመጣለሁ ብዬ ዘጋሁት።

ጥር 18

እሁድ። ቸርች ነበርኩ። ስብከቱ ስለምን እንደነበር ብጠየቅ አላውቅም። ከካቻምና ወዲህ እሁድ አይመቸኝም።

ጥር 20

ሸቤ ደርሼ መጣሁ። እግሬ እስካሁን አቧራ ነው።

አዴ ናኢማ ማሳው ዳር ቆመው ጠበቁኝ። ስድሳን አልፈዋል፤ አቀበቱን ግን ቀድመውኝ ወጡ። ድሮ በቆሎ የነበረ መሬት ነው። ችግኙ በመስመር ቆሟል። ጉዝጓዙ አለ፣ ጥላው አለ። በየመሃሉ ታቿ የተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ ተተክላለች፤ ከወንዝ በጀርባቸው እያመጡ ይሞሏታል። ቅጠሉ ግን ተጠቅልሎ ቆሟል። ሲነኩት ይንኮሻኮሻል።

አንዱን ነቀልኩ። እንደ እስክሪብቶ ተመዝዞ ወጣ። ሥሩ ራቁቱን ነው። ቅንጣት አፈር አልያዘም።

ወዲያ ማዶ የጎረቤታቸው የአሊ ማሳ አረንጓዴ ነው። ያው ኮረብታ፣ ያው ዘር፣ ያው ፀሐይ። እሱም በርሜል ወስዶ የራሱን ችግኝ ያፈላ ነበር። ሄድን። አሊ ቀልድ አያልቅበትም። አንድ ችግኝ ልንቀል ስለው፣ አንዱን ከነቀልሽ ሚስቴ እኔን ትነቅለኛለች አለ። ከዚያ ራሱ ቆፍሮ አወጣልኝ። አፈሩ ከሥሩ አልላቀቅ አለ። አራገፍኩት። አሁንም አልላቀቅ አለ... ፀጉር ላይ እንደደረቀ ሊጥ።

ስንት ሰዓት ነው የምትቀቅለው አልኩት። መሬት መሬት አየ።

«እትዬ፣ አትቆጪኝ። አንድ ቀንም አልቀቀልኩም። ያን ሁሉ እንጨት ማን ይፈልጣል? ከጫካ ያመጣሁትን አፈር እንዳለ ሞላሁት።»

በርሜሉስ? ዶሮ ይተኛበታል። ለጉብኝት የመጣን ቀን ታቹን ጥቀርሻ ቀብቶት ነበር። ድንቹንም ጓዳ ቀቅሎ ነው ያቀረበልን። በልቻለሁ። ጥሩ ድንች ነበር።

«አላህ ሲወድህ ሰነፍ አድርጎ ፈጠረህ» አሉት አዴ ናኢማ፣ ሳቁም። ከመጣሁ ያየሁት የመጀመሪያ ሳቃቸው። እኔ አልሳቅኩም።

ጥር 21

ትላንት ሁለት ነገር ዘለልኩ።

አንዱ። አምና ኅዳር እዚያው ሸቤ ሥልጠናውን ስሰጥ፣ አዴ ናኢማ አንድ ቅርጫት አፈር ይዘው መጥተው ነበር። ከአሮጌ ቡና ሥር የተዛቀ፣ የሰሳ ዛፍ ከሚያጠላበት። እነሱ ዘንድ ችግኝ ሲተከል ከዚያ አፈር አንድ አንድ እፍኝ ጉድጓዱ ውስጥ ይጨመራል። እናታቸውም እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

«እርሾው ነው» አሉኝ። «የደከመ መሬት ያለ እርሾ አይነሳም።»

ሃያ ሴቶች ቆመው ይሰማሉ። እኔ ምን አልኩ? በሽታውን በቅርጫት ተሸክመው መጡ እንዴ አልኩ። ሴቶቹ ሳቁ። ቅርጫቱን ተቀብዬ በርሜሉ ውስጥ ገለበጥኩት። ከሌላው አፈር ጋር አብሮ ተቀቀለ። ስትተክሉም ጉድጓዱ ውስጥ ምንም እንዳትጨምሩ አልኩ። እሳቸው ድንቹን ልጠው በሚጥሚጣ አጎረሱኝ።

ሁለተኛው። ትላንት ቅጽ ሞልቻለሁ። «የጥፋቱ ምክንያት» የሚል መስመር አለ። ሁለቱን ሥር በእጄ ይዤ አይቻቸዋለሁ። እጄ ቆመ... ከዚያ «የእንክብካቤ ጉድለት» ብዬ ጻፍኩ። ጠርሙሶቹ መሃል ቆሜ።

ማንበብ አይችሉም። ምን እንደሚልም አልጠየቁኝም። «አንቺ ከጻፍሽው ልክ ነው» ብለው አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ቀለሙን በደረቀ የቡና ቅጠል ጠረጉት።

ጥር 25

እሁድ። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ካቻምና ነው። ሩሃማ ለሁለተኛ ዲግሪዋ እኛ ዘንድ ሙከራ ነበራት። የተቀቀለ አፈር ላይ ያደገ ቡናና ከጫካ እንደመጣ ባለ አፈር ላይ ያደገ ቡና፣ ውሃ ሲነሷቸው የቱ ይቆያል? አርባ ከረጢት ከዚህ፣ አርባ ከዚያ። አራት ሳምንት ውሃ የለም። የእሁድ ተረኛ እኔ ነበርኩ። ከቸርች መልስ ገብቼ የጠወለገውን ቆጥሬ መዝግቤ መውጣት። ይኸው ነው።

በሁለተኛው እሁድ የኔዎቹ አንገታቸውን ደፍተው አገኘኋቸው። የኔዎቹ አልኩ... የተቀቀሉት። የጫካዎቹ ቀጥ ብለዋል። የበርሜሉ መመሪያ ሊታተም ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው። በሩን ዘጋሁ። ለእያንዳንዱ አንድ ስኒ ውሃ። አርባ ስኒ። መዝገቡ ላይ «አልጠወለገም» ብዬ ጻፍኩ። በሦስተኛውም እሁድ። በአራተኛውም።

ውጤቱ «ልዩነት አልታየም» ሆነ። መመሪያው ታተመ። በርሜሉ ሸቤ ሄደ።

አሳዝነውኝ ነው ስል ኖርኩ። ሁለት ዓመት ለራሴ ያልኩት ይህንን ነው።

ጥር 27

ከአምና የተረፉ ሁለት ችግኞች ወደ ቤት ወሰድኩ። አንዱ በተቀቀለ አፈር፣ አንዱ በጫካ አፈር። ቁመታቸው እኩል ነው። መስኮቱ ላይ አስቀመጥኳቸው። ውሃ የለም። ምን ልሁን ብዬ ነው? ምን እንደሚሆን እያወቅኩ...

ጥር 30

ዝናብ የለም። ስድሳ አራት ቀን።

የካቲት 3

አዴ ናኢማ ደወሉ። የቀበሌያቸው ኮሚቴ ችግኝ የሚያፈሉበትን የወንዝ ዳር ቦታ ሊቀማቸው ነው። ስብሰባው የካቲት ሃያ፣ ሐሙስ። ባለሙያ አይቶ ጽፏል፣ ችግኙ የሞተው በእርስዎ ቸልተኝነት ነው ተባሉ። ገበያ ላይ ሰላም የማይሏቸው አሉ። አንዷ ችግኝ የወሰደች ሴት፣ ለልጄ ያሰብኩትን ቡና በውሃ ጥም ገደሉት ብላ በሰው ፊት ተናግራቸዋለች።

«ቦታውስ ይሂድ» አሉ። «በውሃ ጥም ገደለች መባሉን ግን...» ውሃ ሲጠጡ ተሰማኝ። ከዚያ፦

«አንቺ መጥተሽ አይተሻል። ማሎ እባክሽ፣ ሐሙስ መጥተሽ ንገሪልኝ። አጠጥታለች በይልኝ።»

ባለሙያው እኔ መሆኔን አላወቁም ማለት ነው? ወይስ አውቀው...? የለም። የጻፍኩት ለእሳቸው የሚሆን ነገር መስሏቸዋል። አውራ ጣታቸውን ያሳረፉበት።

እሺ አልኳቸው።

የካቲት 5

ለፍስሐ ነገርኩት። ሁሉንም። ቅጹን ልቀይር፣ ኮሚቴው ፊት ልቁም አልኩት።

«ተስፋነሽ፣ አንድ ስኒ ውሃ ነው። አገር አይፈርስም።»

አርባ ስኒ ነው፣ ሦስት ጊዜ አልኩት።

ክፉ ሰው አይደለም። በርሜሉ ስንት መደብ ከበሽታ እንዳዳነ አስታወሰኝ። እውነት ነው፣ አድኗል። ቅጹ «ጉድለት» ነው የሚለው፣ ሴትዮዋን አልሰደበም አለ። የአሰንዳቦው በርሜል ታዟል። ከዚያ ለጡረታሽ ስንት ዓመት ቀረሽ ብሎ ጠየቀኝ። ስምንት። «እንግዲህ» አለ።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳፍረው ሌላ ነው። ከቢሮው ስወጣ ቀለለኝ። ተናግሬያለሁ፣ የቀረው የሱ ነው አልኩ። እስከ ምሳ ድረስ ቀልሎኝ ዋለ። ምሳ በደንብ በላሁ።

የካቲት 7

የመስኮቱ... በተቀቀለው አፈር ላይ ያለው ዛሬ አንገቱን ደፋ። ቅጠሉ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ሌላው ገና ነው። አንድ ጥግ ቅጠሉ ብቻ ትንሽ ተጨማደደ።

የካቲት 8

ከሥራ ስመለስ ሁለቱም ከረጢት ርሷል። ወለሉ ላይ ውሃ።

አሰገደች ናት። በአንድ ግቢ ስንኖር አሥር ዓመት አለፈን፤ ቁልፌ እሷ ጋ ነው። ሊጥ እያቦካች ከደጇ ጮኸች። «አንቺ፣ ተክልሽን ረስተሽው ነው? አንዱ ሊሞት ደርሶ። አሳዘነኝና ሁለቱንም አጠጣሁልሽ።»

ለካ ያሳዘነው ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። ለሁለቱም ያጠጣል። በሩን ክፍት ይተወዋል። ከዚያ ጮክ ብሎ ይናገራል።

ተባረኪ አልኳት። ምን ልበላት?

የካቲት 9

እሁድ። ቸርች አልሄድኩም። ሩሃማን ደወልኩላት። አሁን ሌላ ከተማ ታስተምራለች።

እንዴት እንደምጀምር ስላላወቅኩ ስለ ሥሩ ጠየቅኳት። ያ ራቁቱን የወጣው፣ ይህ አፈር ይዞ የቀረው። ደስ አላት። ድሮም ስታስረዳ ደስ ይላታል።

«ሥር ብቻውን ሩቅ አይደርስም እትዬ። አፈር ውስጥ ከፀጉር የቀጠኑ ክሮች አሉ፣ የሻጋታ ዘመድ ናቸው። ከሥሩ ጋር ይጋጠማሉ። ሥር የማይገባበት ገብተው ውሃ ያመጡለታል፣ እሱ ደግሞ ምግብ ይሰጣቸዋል። ሲቀቀል እነሱም ከበሽታው ጋር ያልቃሉ።»

ችግኝ ጣቢያ እያለ አይታወቅበትም አለች፤ በየቀኑ ይጠጣል። ሜዳ ሲወጣ ነው ባዶነቱ የሚታየው። ጥሩ መሬት ላይ ቀስ ብለው ይመለሱለታል፣ ድርቁ ካልቀደማቸው። የበቆሎ መሬት ላይ ግን ከየት ይመጣሉ? አንድ እፍኝ የጫካ አፈር ቢያገኝ በቃው ነበር አለች። አንድ እፍኝ።

ከዚያ ድምጿ ቀዘቀዘ። «በኔ ሙከራ ግን ምንም አልታየም እኮ። ሌሎች ሲሠሩት ይታያል፣ እኔ ስሠራው አልታየም። አበላሽቼው ይሆናል ብዬ ነው የጥናት መስኩን የተውኩት።»

መተዋን አላውቅም ነበር። ሌላ ነገር ላይ የሄደችው ወዳ መስሎኝ...

አላበላሸሽም አልኳት። ነገርኳት። ሦስቱንም እሁድ።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ አልኩ።

«አለሁ» አለች። ዘጋችው።

የካቲት 10

መልእክት ላከች። «የትኞቹ ከረጢቶች፣ በየትኛው ቀን፣ ምን ያህል ውሃ። በጽሑፍ ላኪልኝ።»

እትዬ የለበትም። ደህና ዋይም የለበትም።

የካቲት 11

ላክሁላት። ሦስት መስመር ሆነ። ሁለት ዓመት የተሸከምኩት ሦስት መስመር ነው።

የካቲት 15

ለኮሚቴው የሚሆን ደብዳቤ ጻፍኩ። ቀደድኩ። ደግሜ ጻፍኩ፣ ደግሜ ቀደድኩ። የመጀመሪያው ስለ ድርቁ ነበር። ሁለተኛው ስለ አፈር ሳይንስ፤ ሁለት ገጽ ሙሉ። ሲያነቡት ሊቅ ናት ይላሉ እንጂ ማን እንዳጠፋ አይገባቸውም። ለዚያ ነው የረዘመው።

ሦስተኛው አጭር ነው። አዴ ናኢማ ውሃ አጠጥተዋል። እርሾውን ሊጨምሩ ፈልገው ከልክያቸዋለሁ። የተቀቀለው አፈር በድርቅ እንደሚጎዳ ከካቻምና ጀምሮ አውቅ ነበር፣ ደብቄያለሁ። ቅጹን በሐሰት የሞላሁት እኔ ነኝ።

አልቀደድኩትም። ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

የካቲት 17

በፖስታ ልልከው አሰብኩ። ፊታቸውን ሳላይ።

የካቲት 19

ፍስሐ ነገ ሬድዋን ብየዳ ቤት ሂጂ አለኝ። በርሜሎቹን ቆጥረሽ፣ ፈርመሽ ተረክበሽ፣ ከመኪናው ጋር አሰንዳቦ። እዚያ ሠላሳ ገበሬ ይጠብቅሻል። ነገ ሐሙስ ነው አልኩት። «አውቃለሁ» አለ፣ ወረቀቱን እያገላበጠ።

እሺ ብዬ ወጣሁ። ሰው ሁሉ እኔን እሺ ማሰኘት ይቀለዋል። አዴ ናኢማንም እሺ ብያቸዋለሁ። ሁለቱ እሺ በአንድ ቀን ዋለ... አሰንዳቦ ወደ አዲስ አበባ መንገድ፣ ሸቤ ወደ ቦንጋ መንገድ።

የካቲት 20

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። ሬድዋን ብየዳ ቤት፣ አግዳሚው ላይ ነኝ። የሸቤው ስብሰባ አምስት ሰዓት ነው።

በርሜሎቹ አምረዋል። ሬድዋን እጁ ይባረክ፣ ክዳኑን ምንም እንፋሎት እንዳያወጣ አድርጎታል። ሹፌሩ ቁርስ ሊበላ ሄደ። ሁለት ሰዎች ይጭናሉ፣ እኔ እቆጥራለሁ።

ሬድዋን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አጠገቤ ተቀመጠ። አማቱ አሰንዳቦ ቡና አለው። አንዱን ለሱ ላስቀርለት እንዴ አለኝ። «ግን እትዬ፣ የእውነት ይሠራል?»

ለሰው ስንት ጊዜ መልሼዋለሁ ይህን ጥያቄ። በመድረክ፣ በወረቀት።

ውሃ በማይጠፋበት ይሠራል አልኩት። ሜዳ ላይ፣ ዝናብ ሲቀር፣ ይገድላል።

የምቀልድ መስሎት ፊቴን አየ። ከዚያ በርሜሎቹን አየ።

«ታዲያ እኔ ምን እየበየድኩ ነው?»

መልሴን አልጠበቀም። ተነስቶ ሄደ፣ መነጽሩን አወረደ። አልበየደም ግን።

ሰባት ተጭኗል። ስምንተኛውን እያነሱት ነው። የመረከቢያው ወረቀት አግዳሚው ላይ አለ፣ አልፈረምኩም። ነፋስ እንዳይወስደው ብሎን አስቀመጥኩበት።

ሸቤ ስደርስ ምን እሆናለሁ? አላውቅም። ደብዳቤውን ለሊቀመንበሩ ሰጥቼ ጥግ እቀመጣለሁ ስል ነበር፣ እስከ አሁን ድረስ። ግን አዴ ናኢማ ማንበብ አይችሉም። ጮክ ብሎ መነበብ አለበት። አንባቢዋም እኔው ነኝ፣ እሳቸው ፊት፣ ከመጀመሪያው መስመር እስከ ፊርማው።

ሬድዋን ወዴት ነሽ እያለኝ ነው። መናኸሪያ አልኩት።

ሄድኩ።